እግርና አፈር፦ ከሙጃሌ እስከ ዝሆኔ

የሰው ልጅ አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። ሁለቱን እግሮች በአንድ ላይ ብንቆጥር 52 ይሆናሉ፤ ይህም በጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ከሚገኙት 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ተፈጥሮ ከአጥንቶቻችን ሩቡን ከቁርጭምጭሚት በታች ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ያዋለችው ያለ ምክንያት አይደለም። እግር የመላ አካልን ክብደት ይሸከማል፤ በወጣ ገባ መሬት ላይ ሚዛን ይጠብቃል፤ ስንራመድም እንደ ሞላ ተጨምቆ መልሶ ይዘረጋል። ይሁን እንጂ ከአካላችን ክፍሎች ሁሉ እንደ እግር ችላ የሚባል የለም ብንል ብዙም አላጋነንም። ጥርሱን ያመመው ሰው ውሎ አድሮ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ እግሩን ያሳከከው ግን ያካል፤ ያበጠውም በሞቀ የጨው ውኃ ነክሮ ይተኛል።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ ባዶ እግር በብዙዎቻችን ዘንድ የጥንካሬ ምልክት ሆኖ እንዲታይ አድርጓል። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲያሸንፍ ጫማ ማድረጉን ግን እምብዛም አናነሳም። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው የውስጥ እግሩ ቆዳ በእርግጥ ይወፍራል፤ እሾህንና ጠጠርንም ይቋቋማል። ይህ የወፈረ ቆዳ በዓይን የማይታየውን ደቃቅ አፈር ይቋቋማል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ጉዳይም እርሱ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጫማ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ የሚታዩትን የእግር ችግሮች፣ ቀጥሎም ሙጃሌን በአጭሩ እንመለከታለን።

ጫማ ውስጥ ያለ እግር

ጫማ እግርን ከውጭ ይከላከላል፤ በውስጡ ግን ሙቀትና እርጥበት ይፈጥራል። ይህን የሚወድ ፈንገስ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በትንሿ የእግር ጣትና በጎረቤቷ መካከል ሲሆን፣ ቆዳው ነጥቶ ይልማል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ እግርን በየቀኑ ታጥቦ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ካልሲ መቀየር፣ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ፀረ ፈንገስ ቅባት መቀባት። ችግሩ የሚመጣው ማሳከኩ ቆመ ተብሎ ቅባቱ በቶሎ ሲቋረጥ ነው፤ ፈንገሱ ከማሳከኩ በኋላም በቆዳው ውስጥ ይቆያልና። ጥፍር ውስጥ የገባ ፈንገስ ደግሞ ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የእግር አውራ ጣት ጥፍር ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድበታል።

ወደ ሥጋ የሚገባ ጥፍር የሚፈጠረው ጥፍር በጎንና በጎን ተከርክሞ ክብ ሆኖ ሲቆረጥና ጣት በጠባብ ጫማ ሲጨመቅ ነው። መፍትሔው ጥፍርን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። መግል ከያዘ በቤት ውስጥ መጎርጎሩ ይቅርና ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። በጣት ጀርባ ላይ ወይም በውስጥ እግር የሚታየው የደነደነ ቆዳም ቢሆን ራሱ በሽታ አይደለም፤ ጫማው በዚያ ቦታ ላይ እንደሚጫን የሚነግረን ምልክት እንጂ። ጫማው ሳይቀየር ቆዳውን በምላጭ መላጥ ጣሪያው ሳይጠገን ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ከላይ ያልናቸውን ሁሉ ቀላል ናቸው ብሎ እንዳያልፋቸው እናሳስባለን። በሽታው የእግርን ነርቮች ሲጎዳ ሰውየው ሕመም አይሰማውም፤ ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ሲወጋው ይውላል፤ እሳት ዳር ሲሞቅ ይቃጠላል፤ ቁስሉን የሚያውቀው ካልሲው ሲረጥብ ነው። ስለዚህ በየምሽቱ ውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በሌላ ሰው ዓይን ማየት፣ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አለመሄድ ያስፈልገዋል። ምላጭም ከእግሩ ይራቅ።

ሙጃሌ

ሙጃሌ የቁንጫ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ራሱ ቁንጫ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቱንጋ ፔኔትራንስ ይባላል። ሴቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ስትሆን፣ በእግር ጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር ወይም በተረከዝ ጠርዝ ቆዳውን ቀድዳ ትገባለች። የኋላ ጫፏን ብቻ ወደ ውጭ ትታ በእንቁላል እየተሞላች ታብጣለች፤ በሁለት ሳምንት ገደማ የአተር ፍሬ ታክላለች። በዓይን የምናየው ነጭ እብጠትና በመካከሉ ያለው ጥቁር ነጥብ ይህ ነው። እንቁላሎቿን መሬት ላይ ካራገፈች በኋላ እዚያው ቆዳ ውስጥ ትሞታለች።

ብዙ አንባቢዎቻችንን የሚያስደንቃቸው ሙጃሌ ለአፍሪካ እንግዳ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል ተነሥታ ወደ አንጎላ የባሕር ዳርቻ የመጣች አንዲት መርከብ ሚዛኗን ለመጠበቅ ከጫነችው አሸዋ ጋር ይዛው እንደመጣች የታሪክ መዛግብት ያስረዳሉ። ከዚያ በነጋዴዎች፣ በወታደሮችና በተሸካሚዎች እግር ሆኖ ክፍለ ዓለሙን እስከ ምሥራቅ ጠረፍ ለማቋረጥ 30 ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። አንድ ነፍሳት በባዶ እግር ላይ ተሳፍሮ ምን ያህል መጓዝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሙጃሌን በእሾህ ወይም በመርፌ ቁልፍ ማውጣት በየቤቱ የተለመደ ነው። አደጋው ከማውጣቱ ይልቅ በመሣሪያው ላይ ነው። ለአንድ ቤት ልጆች ሁሉ በተራ የሚያገለግል አንድ መርፌ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ክፍት የቀረው ቀዳዳም ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይሆናል። መሣሪያው የተቀቀለና ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ይሁን፤ ከወጣ በኋላም ቁስሉ በሳሙና ታጥቦ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይቀባ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይረጋገጥ። በዚህ ዘመን ዳይሜቲኮን የተባለ ቀጭን የሲሊኮን ዘይት እብጠቱ ላይ በመቀባት ቁንጫዋን አየር አሳጥቶ መግደል ተችሏል። የወለል ነገርም አይዘነጋ፤ እንቁላሉ የሚፈለፈለው በደረቅ አቧራማ ወለል ላይ ነውና ልጁን አክመን ወለሉን ብንተው በወሩ ተመልሰን እዚያው እንገኛለን።

ስም ያጣው በሽታ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በሲዳማ፣ በወላይታና በጋሞ ገበያዎች የተዘዋወረ ሰው እግራቸው እስከ ጉልበት ያበጠ፣ ቆዳቸው የሻከረና ጣቶቻቸው ተድበልብለው አንድ የመሰሉ ገበሬዎችን ማየቱ አይቀርም። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ አንዱ የሞተ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከዘር የሚወረስ ነው ብሎ ልጁን ወደዚያ ቤት እንዳይድር ይከለክላል። ይተላለፋል በሚል ሥጋት አብሮ ከመብላትና ከመቀመጥ የሚሸሽም አለ። እንዲህ የሚያስበው ሕዝቡ ብቻ እንዳይመስለን፤ በወላይታ ዞን በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ እንደሆነ ያምኑ እንደነበር አሳይቷል። ሐኪሙ ራሱ የሚፈራውን በሽታ ለመታከም የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት አቀባበል ሊጠብቀው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለመሆኑ የእግር ዝሆኔ መንሥኤ ምንድን ነው? በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚታወቀው ምላሽ ፊላሪያ የተባለ ክር መሰል ትል ነው፤ በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች ይተላለፋል። ይህ ትል በኢትዮጵያም በቆላማ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ ይገኛል። ነገር ግን በደጋና በወይና ደጋ ገበያዎች የሚታየው እብጠት ከዚህ ጋር አልገጥም አለ። ትንኟ ትሉን ልታሳድግ በማትችልበት ከፍታ ላይ በሽታው በርክቶ ተገኘ። የሥጋ ደዌም አይደለም፤ የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋል፤ የእነዚህ ሕሙማን እግር ግን ስሜቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ያቃጥላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦመን የተባሉ ሐኪም ሕሙማኑ ሆስፒታል እስኪመጡ ከመጠበቅ ይልቅ በገበያ ቀን ወደ ሕዝቡ መሄድን መረጡ። በ56 ገበያዎች ያለፈ ያገደመውን ሰው እግር እያዩ ቆጠሩ፤ ከ100 ሰው 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ አገኙት። ገበያ ሁሉም ሰው የሚመጣበት ቦታ ስለሆነ ዘዴው ብልህ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ መራመድ ያቃተውና በኀፍረት ከቤት የቀረው ሰው ከቆጠራው ውጭ ይሆናል።

ምሥጢሩን የፈቱት በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠሩ የነበሩት ብሪታኒያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ የሕሙማኑን መኖሪያ ከአፈሩ ካርታ ጋር ሲያስተያዩ በሽታው የእሳተ ገሞራ ዐለት ተሰባብሮ የፈጠረውን ቀይ የሸክላ አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ ተገነዘቡ። ከብሽሽት የተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩም በውስጣቸው የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ማዕድናት ያሉባቸው ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ተገኙ። ለበሽታውም ከግሪክኛ ሁለት ቃላት፣ እግርና አቧራ ከሚሉት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጡት። የማዕድን ቆፋሪዎችን ሳንባ የሚያጠቃው የአቧራ በሽታ ኒሞኮኒዮሲስ መባሉን የሚያውቅ አንባቢ ዝምድናቸውን ወዲያው ያያል፤ አንዱ በአፍንጫ፣ ሌላው በእግር ይገባል።

አፈር በቆዳ ያልፋል?

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱን ለመረዳት የቅንጣቶቹን መጠን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ እፍኝ ቀይ አፈር በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጠን ብናስቀምጥ አሸዋው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘቅጣል። ቀጥሎ ደለሉ ቀስ በቀስ ይሰፍራል። ሁለት ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ እጅ፣ የሆነ ቅንጣት ግን 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ጠዋት የበጠበጥነውን ማታ ስናየው ውኃው አሁንም ቀይ ከሆነ ያየነው ሸክላ ነው። (በቤተ ሙከራ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቶሎ እንዳይሰፍሩ የሚበታትን ጨው ይጨመርበታል፤ በቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ውኃው ቶሎ ቢጠራበት አይገረም።) የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው። እንግዲህ ሸክላው ከደም ሕዋስም ያነሰ ነው ማለት ነው። በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ተረከዝና ጣቶች መካከል ያሉት ንቃቃቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ቅንጣት እንደ ሸለቆ የሰፉ ናቸው።

ወደ ቆዳ የገባውን ቅንጣት በላኤ ሕዋሳት ይውጡትና ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይዘውት ይሄዳሉ። የሊምፍ ቧንቧዎች ከደም ሥር የሰረገውን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ የሰውነት ቦዮች ናቸው። ባክቴሪያ ቢሆን በላኤው ሕዋስ ይፈጨው ነበር፤ ማዕድን ግን አይፈጭም። ሕዋሱ ይቆጣል፣ ሌሎችን ይጠራል፣ ቁጣው ለዓመታት ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የቧንቧው ግድግዳ እንደ ጠባሳ ደንድኖ ይጠባል። የተዘጋ ቦይ ውኃው ወደ ማሳው እንደሚፈስ ሁሉ የእግሩም ፈሳሽ በሥጋው ውስጥ ይቀራል። የቧንቧዎቹ መነሻ እግር ነውና እብጠቱም ከእግር ይጀምራል፤ ወደ ላይ ቢወጣም አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፤ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ መጠኑ ግን በሁለቱ እኩል አይደለም። ከፊላሪያ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የፊላሪያ እብጠት ከላይ፣ ብዙ ጊዜም በብሽሽት አካባቢና በአንድ ወገን ሊጀምር ይችላል።

የትኛው ማዕድን ዋነኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ክርክሩ አልተዘጋም። በሰሜን ኢትዮጵያ የአፈር ናሙናዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ስሜክታይት የተባለውን ሸክላ፣ ማይካንና ኳርትዝን ከበሽታው ሥርጭት ጋር አያይዟቸዋል። የቦታውን ነገር በተመለከተ ግን ዛሬ ብዙ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች፣ በ1,315 ቀበሌዎች 129,959 ሰዎች የተመረመሩበት አገር አቀፍ ቅኝት ተካሂዷል። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ከ100 ሰው 4ቱ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ያለውና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኘው ነው፤ ይኸውም ጤፋችን፣ ቡናችንና እንሰታችን የሚበቅሉበት መሬት። ለምለሙ መሬትና በሽተኛው መሬት አንድ ናቸው። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የሕሙማኑን ብዛት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ብለው ገምተዋል። ካሜሩን፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳም በሽታው የሚታይባቸው አገሮች ናቸው።

ዘር ነው ወይስ አፈር?

በአንድ መንደር ያለ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ እያረሰ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም ለምን ይቀራል? በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ መደጋገሙ ከጥንት የታወቀ ነው። በወላይታ በተደረገ ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 ጊዜ ያህል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አወጡ። ልዩነቱ የታየው ኤች ኤል ኤ በተባለው የዘረ መል ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል ሰውነት ባዕድ ነገርን ለተከላካይ ሕዋሳቱ አቅርቦ የሚያሳይባቸውን ፕሮቲኖች ይሠራል። እንግዲህ በሽታው አፈሩ ብቻ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው የተጋነነ ምላሽ ጭምር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ግኝት በተሳሳተ ጆሮ ከተሰማ «ዘር ነው አላልንም ወይ!» ለሚሉት መሣሪያ ይሆናል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም፤ ከዘረ መል ጥናቱ አስቀድሞ በወላይታ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት መገለልን መፍራት ሰዎች በምርምሩ ለመሳተፍ ፈቃዳቸውን በሚሰጡበት ሂደት ላይ ጫና እንደነበረው ገልጿል። ስለዚህ ሳይንሱ የሚለውን በትክክል እናስቀምጥ። ከወላጅ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ጭድ ያለ ክብሪት አይነድም፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅም እግሩ ያን አፈር ካልነካ ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም። ለዚህ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው፤ በሽታው በአንድ ወቅት በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶች ይታይ ነበር። ዛሬ በእነዚያ አገሮች የለም። የሕዝቡ ዘር አልተቀየረም፤ አፈሩም አልተቀየረም፤ ሕዝቡ ግን ጫማ አደረገ። እንግዲህ ጋብቻን የሚከለክል ሰው የሚከለክለው በሳይንስ ስም ሊሆን አይችልም፤ ከታማሚ ጋር አንድ መሶብ መቅረብም ምንም ጉዳት የለውም።

ሳፋ፣ ሳሙናና ካልሲ

«አንዴ ካበጠ አይድንም» የሚለው ተስፋ አስቆራጭ አነጋገር ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት በታች ሆኖ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይጠፋል። በሁለተኛው ደረጃ እስከ ጉልበት ድረስ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢታረፍም ጨርሶ አይጠፋም። በሦስተኛው እብጠቱ ከመቆየቱም በላይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ጉብታዎች ይወጣሉ፤ በአራተኛው ከጉልበት ያልፋል፤ በአምስተኛው መገጣጠሚያው ደርቆ አይንቀሳቀስም። ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች እብጠቱን ወደ ኋላ ሊመልሰው፣ በኋለኞቹም ሊቀንሰውና ሕመሙን ሊያስታግሠው ይችላል።

የሕክምናው መሣሪያዎች በየቤቱ ያሉ ናቸው። እግር የጤና ባለሙያ በነገረው መጠን ጥቂት ጠብታ በረኪና ወይም ሌላ ፀረ ተሕዋስያን በተጨመረበት አንድ ሳፋ ንጹሕ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ይነከራል። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፤ በእጥፋቶቹና በጣቶቹ መካከል ያለው ቆሻሻ ቀስ ተብሎ ይጸዳል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ፈንገስ ካለ የዊትፊልድ ቅባት፣ ለደረቀውና ለተሰነጣጠቀው ቆዳ ደግሞ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቫዝሊን ርካሽ ቢሆንም ንቃቃቱን ዘግቶ ለአፈሩም ለባክቴሪያውም በሩን ይዘጋል። ቀጥሎ እብጠቱ ከሌሊቱ ዕረፍት በኋላ ባነሰበት ሰዓት፣ ጠዋት፣ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ጉልበት የሚወጣ ተለጣጭ ፋሻ ይታሰራል። በመጨረሻም ካልሲና ሽፍን ጫማ ይደረጋል። ማታ ማታ እግርን ከወገብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ቀን ላይ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ፈሳሹን ያወርደዋል። ጫማ ማድረግን የሚከለክሉ ትልልቅ ጉብታዎች ካሉ በቀዶ ሕክምና ይነሣሉ።

ሕሙማኑን ከእብጠቱ ይበልጥ የሚያሠቃያቸው ድንገት የሚነሣው ሕመም ነው። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ሰውየው በብርድ ብርድና በትኩሳት አልጋ ላይ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ፋሻው ይፈታ፣ እግሩ ከፍ ብሎ ይረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይቀዝቅዝ፤ ጤና ባለሙያ የሚያዘው ማስታገሻና አንቲባዮቲክም ይወሰድ። ይህ ሕመም በዓመት ስንት ጊዜ ይነሣል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት መልሱን ይሰጠናል። 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን ከላይ የገለጽነውን እንክብካቤ ወዲያው ጀመረ፤ ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ሕክምናውን ሲጠባበቅ በቆየው ወገን ሕመሙ ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ተነሣ፤ በታከመው ወገን 19.4 ጊዜ።

ቅነሳው ትንሽ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም መጀመሪያ ቁጥሩን ስናይ እንዲሁ ብለን ነበር። ግን 23.9 ማለት በወር ሁለት ጊዜ መተኛት ማለት ነው፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ መቀነስ ደግሞ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ለሚሠራ ሰው አራት ወይም አምስት የከፋ ሳምንት ማትረፍ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በወላይታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሕሙማን ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው በዚያ ዞን ብቻ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚደርስ አስልቷል። ሳሙናና ፋሻ ውድ ናቸው የሚል የበጀት ሰው ቢኖር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው።

ይህን ስንል ግን ነገሩ በምክር ብቻ የሚያልቅ አድርገን ማቅረብ አንሻም። ከምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ የምታመጣ ሴት ከዚያ ውስጥ አንድ ሳፋ በየቀኑ ለእግር ማዋል ቀላል አይሆንላትም። ገበሬውም ጫማ ቢኖረው ለገበያና ለበዓል ያስቀምጠዋል፤ በጭቃ ማሳ ላይ ሞፈር ይዞ ሲያርስ፣ ይኸውም ከአፈሩ ጋር እጅግ በሚገናኝበት ሰዓት፣ ያወልቀዋል። በረባሶና ነጠላ ጫማ ከእሾህ ያድናሉ፤ አቧራው ግን በጎን ገብቶ የእግሩን ጀርባ ይሸፍነዋል። በመሆኑም ጫማ ከመታጠብ ጋር ካልተጣመረ ግማሽ መከላከያ ነው፤ አፈሩ ከእግሩ ጋር ጫማው ውስጥ ከገባ በኋላ ካልሲው ራሱ የአፈር ከረጢት ይሆናል። እግሩ አስቀድሞ ላበጠ ሰው ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ ጫማ ልኩ አይሆንም። በወላይታ ሕሙማኑ ራሳቸው የጫማ ስፌት ተምረው ለእንዲህ ያለ እግር በልክ መስፋታቸው የዚህን ችግር መፍቻ ያሳያል፤ ጫማውን ለብሶ ወደ ገበያ የወጣ ሰው እግሩ ከዓይን ይሰወራልና ከሰው ጋር ለመቀላቀልም ይደፍራል።

በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ስለሆነ ምልክቱን ቀድመው ሊያዩ የሚችሉት ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ልጁ የእግሩን ጀርባ ከጣቶቹ በላይ ደጋግሞ ቢያክ፣ ማታ እግሬን አቃጠለኝ ቢል፣ ማታ ያበጠው ጠዋት ቢጎድል፣ የቆዳው መሥመሮች ቢጎሉና ከጣቶች መካከል ውኃ መሰል ነገር ቢያዥ አይታለፍ። አንድ ቀላል መፈተኛም አለ። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ባለችው ጣት ሥር፣ በእግሩ ጀርባ በኩል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ጤነኛ ቆዳ ታጥፎ ይነሣል። ፈሳሽ የቋጠረና የወፈረ ቆዳ ግን በጣት አልያዝ ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ልጁ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የቀሩት የቤቱ ልጆች እግርም በዚያው ቀን ይታይ።